የጋራ መሬት

ከሽምብጥ ዳርቻ፣ ከቆርቆሮው ክፍል፣
ተኝታለች ቦርዷ፣ መዳፌን የምታህል።
አርባ እግር አላት፣ መራመድ አታውቅም፤
ሺህ ሒሳብ ትሠራለች፣ ዝናብ ግን አታይም።
ዓይን የምሰጣት እኔ፣ በሽቦ የማስርላት፣
ጆሮም እኔው ነኝ፣ የሐይቁን ነገር የምነግራት።

ቀዩ ሽቦ ኃይል ነው፤ ቢጫው ወሬ አመላላሽ፤
ጥቁሩን ናቅሁት፤ ሥራ ፈት መሰለኝ፣ ባዶ እጁን ተመላሽ።

የመጀመሪያዋን መለኪያ አቃጠልኳት፤
ሦስት ቮልት ለለመደች አምስት አጠጥቼ፣
ሽታዋ እስከ ማታ ከጣቶቼ አልለቀቀ፣ በሎሚ አሽቼ።
ሁለተኛዋ አበደች፦ ጣና አንዴ ሰባት ሜትር፣ አንዴ ከዜሮ በታች፤
አንዴ አድርቃው ታድራለች፣
አንዴ እኔን ከነወንበሬ ታሰምጠኛለች።
ለካ ጥቁሩን ሽቦ ሳላስር ትቼው ነው።
ግራውንድ ይሉታል፤ እኔ መሬት አልኩት፤ ለኔ ስሙ ይኸው ነው።
ሁለት ነገር ዜሮው የት እንደሆነ ካልተስማማ፣
አንዱ ቢናገርም፣ ሌላው ጩኸት እንጂ ቃል አይሰማ።

ጋሽ ልየው በበሩ ጎንበስ ብለው ገቡ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ጧት በአሥራ ሁለት፣ ማታ በአሥራ ሁለት፣
ውሃው ውስጥ ከቆመው ባለቁጥር ብረት ጣናን ያነበቡ።
ደብተራቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከብብታቸው ሥር።
«ይቺ ናት የምትተካኝ?»
ቦርዷን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት።
ብሎን ማጥበቅ ጀመርኩ፣ ብሎኑ ሳይላላ፣ ሳይኖርም ችግር።

መለኪያዋን ከእንጨቱ ድልድይ ሥር ሰቀልናት፣ ፊቷን ወደ ታች፤
ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ እንደ ሌሊት ወፍ ትጮኻለች፣
ውሃው እስኪመልስላት ጊዜ ትቆጥራለች።
አሥራ ዘጠኝ ቀን ከብረቱ ጋር ተስማማች፤
ብትለይም በጣት ስፋት ነው።
በሃያኛው ሌሊት ስልኬ ጮኸ፦ «ጣና አርባ ሳንቲም ሞላ።»

በኅዳር? ሰማዩ ጥርት ብሎ?
የጨረጨራ በር ቢዘጋ እንኳ በአንድ ሌሊት እንዲህ አይሆንም።
ባጃጅ ያዝኩ፣ ካልሲ እንኳ አላደረግሁም።
ጋሽ ልየው ቀድመውኛል፤ የእጅ ባትሪያቸው ይዞራል።
ውሃ የት አለ? እንቦጭ ብቻ፣ ብርሃኑ እስከሚደርስበት ድረስ አረንጓዴ።
በዱላቸው ገለጥ አድርገው ብረቱን አዩ፤
«እንደ ትናንቱ ነው» አሉና ጻፉ።
አልሳቁብኝም።
«ምንጣፍ ላይ ቆማ ወለል ለካች፤ ምን ታድርግ» ብለው ብቻ አለፉ።

ሌላ መለኪያ አመጣሁ፣ በቱቦ ታሽጋ ከታች የምትሰምጥ፣
ውሃውን በትከሻዋ ተሸክማ ክብደቱን የምታዳምጥ።
ሁለቱን ባንድ መስመር ቀጠልኩ።
ባንድ ፋብሪካ የተወለዱ፣ ባንድ አድራሻ የተመዘገቡ፤
ቦርዷ አንዷን ስትጠራ ሁለቱም «አቤት» ይላሉ፣
ቁጥሮቹ ለሒሳብ ሳይሆን ለሳቅ ቀረቡ።
የሰናፍጭ ፍሬ በምታህል የብየዳ ጠብታ የአንዷን የቤት ቁጥር ለወጥኩ፤
መሬታቸው አንድ ይሁን ብዬ፣ ጥቁሮቹን ሽቦዎች ባንድ ቋጠሮ አሰርኩ።

አሁንም አይስማሙም። የላይኛዋ ሞላ ትላለች፤ የታችኛዋ አልሞላም።
ማናቸውም አልዋሹም።
አንዱን ካንዱ ቀነስኩ።
የተረፈው ውሃ አይደለም፤ የእንቦጩ ውፍረት ነው።

ጋሽ ልየው ሰምተው መነጽር ጠረጉ፣ ማስመሪያ ተበደሩ፤
ከ«ጧት» እና ከ«ማታ» ጎን ሦስተኛ ዓምድ አሰመሩ።
አርባ አንድ።
አርባ ሁለት።
አርባ አንድ።

በአራተኛው ቀን ነፋስ ዞረ።
ቦርዷ «ዜሮ» አለች፤ ልክ ናት።
ጋሽ ልየው ከዓምዱ ሥር ቁጥር አልጻፉም፦
«ወደ ዘጌ ሄደ። ለዘጌዎች ይነገር።»

አርባዎቹን እግሮች ከዳር እስከ ዳር ቆጠርኩ፤
ይህን የሚያስገባ የለም።
ስልኬን አውጥቼ ዘጌ ደወልኩ።